የኅዳር ስምንት እንግዳ

ካርቱም፣ ጥር 14 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሚልዮን በቀለ፤

ሰላምታዬ አዲስ አበባ ድረስ ይድረስህ። ጤናዬን ለጠየቅኸው፣ ጉልበቴን ያመኛል እንጂ ደህና ነኝ፤ የቅመም ሱቄም ክፍት ነው። ስልክህን ስላላነሳሁ ይቅርታ አልጠይቅህም። በስልክ የተባለ ነገር በማግሥቱ ሌላ ነገር ይሆናል። ከእንግዲህ ስለ ቤቱ የምትለኝ ካለ ጻፈው። ሾፌሩ ሙሄዲን በየአሥራ አምስት ቀኑ ከመተማ በርበሬ ያመጣልኛል፤ ደብዳቤህንም አብሮ ያመጣል። እኔም የምልክልህን ሁሉ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ገልብጬ አስቀራለሁ። ኋላ አላልሽም፣ አልሰማሁም እንዳንባባል ነው።

ለጥያቄህ መልሴ አልፈርምም ነው።

የአባታችን ቤት ሙዚየም ይሁን ማለትህን አልጠላሁትም። የአገር መሪ የገባበት ቤት ነው፤ ይገባዋል። አባባ እስኪሞት ድረስ በስማቸው ጠርቷቸው አያውቅም፣ "ትልቁ እንግዳ" ነበር የሚላቸው። እኔም እንደዚያው እላለሁ። ግን የላክኸውን ፕላን መነጽሬን አድርጌ አየሁት። ሳሎኑ "የእንግዳው አዳራሽ" ሆኗል። የእማማ መኝታ ቤት "የፎቶግራፍ ክፍል" ሆኗል። የጓሮዋ ክፍል ደግሞ ፈርሳ ሽንት ቤትና ትኬት መሸጫ ትሆናለች። በእርሳስ የተጻፈባት "ባዶ መጋዘን" ይላል።

ባዶ አይደለችም። ዘምዘም አለችበት። እዚያች ክፍል ተወልዳ ሃምሳ አምስት ዓመት ኖራባታለች፤ ዛሬም ማለዳ ወጥታ አል-ማንሺያ ሰፈር የሰው ቤት ስትጠርግ ውላ የምትገባው እዚያ ነው። እናቷ ዘሃራ እዚያ አልጋ ላይ ነው የሞተችው። ይህን ታውቃለህ። ካርቱም ስትመጣ ጫማህን የምትወለውልልህ እሷ ነበረች።

ቤቱ በሁለታችን ስም ነው። ያለ እኔ ፊርማ አንድ ጡብ አታነሳም።

እህትህ ስንቅነሽ

*

አዲስ አበባ፣ የካቲት 9 ቀን 2007 ዓ.ም.

እትዬ ስንቅነሽ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኔና ልጆቹ ደህና ነን። ጉልበትሽን ሐኪም አሳዪው።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንድ ጊዜ እንኳ ስለ አባባ ክብር የሚል ነገር አላገኘሁበትም። ስለ አንዲት ሠራተኛ ነው ሁለት ገጽ የጻፍሽው። እኔ አራት ዓመት ሙሉ በር ሳንኳኳ ኖሬ ኮሚቴ አቋቁሜያለሁ፤ ኤምባሲውም እዚያ ያሉት የቅርስ ሰዎችም ደስ ብሏቸው ተቀብለውታል። አንቺ ደግሞ ሳሎኑ ውስጥ የበርበሬ ጆንያ ደርድረሽበታል። እንግዳው የተቀመጡበት ወንበር ላይ የሽሮ ዱቄት አየሁ፤ ባለፈው ስመጣ በመሐረቤ ነው ያራገፍኩት። ትዝ ይልሻል?

ለዘምዘም ከከተማው ዳር፣ ካላክላ ክፍል ይገኝላታል። ኪራዩ ርካሽ ነው፣ ሚኒባስ አለ። እንደ እሷ ያሉ ብዙ ሰዎች እዚያ ይኖራሉ። ሠራተኛ ነች እንጂ ዘመድ አይደለችም። ስለ ጓሮው ክፍል ምን ታሪክ አለው ብዬ ስጠይቅሽ "አለው" ብለሽ ብቻ ዘጋሽው። ታሪክ ካለው ጻፊልኝ። ከሌለው ፈርሚ።

ወንድምሽ ሚልዮን

*

ካርቱም፣ መጋቢት 3 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለሚልዮን፤

ታሪኩን ጻፊልኝ ብለሃል። እጽፍልሃለሁ። ዘሃራ አደራ ብላኝ ስለነበር እስከ ዛሬ አፌን ይዤ ነበር፤ "አባትሽን አታሳፍሪው" ብላኛለች። አሁን አባባም የለም፣ ዘሃራም የለችም፤ የቀረነው እኛ ነን።

አንተ የምታውቀው አባባ የነገረህን ነው። ያኔ የሦስት ሳምንት ልጅ ነበርክ። እኔ ግን ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ሁሉንም ቆሜ አይቻለሁ። ባለፈው እሑድ ደብተሬ ላይ ያሰፈርኩትን ሳልጨምር ሳልቀንስ እነሆ፦

"እንግዳው እንደሚመጡ ለአባባ የደረሰው ወረቀት ቀኑን የሚቆጥረው በፈረንጅ ነበር፤ ኖቬምበር 18 ይላል። አባባ ኖቬምበር 18 ሁልጊዜ በእኛ ኅዳር 9 እንደሚውል ያውቃል። ያን ጊዜ ግን ጳጉሜ ስድስት ቀን ሆና ነበር ያለፈችው። ጳጉሜ ስድስት ስትሆን የእኛ ቀን እስከ የካቲት ድረስ አንድ ወደ ኋላ ይቀራል። ስለዚህ ኖቬምበር 18 የዋለው ኅዳር 8፣ ረቡዕ ላይ ነው። አባባ ይህን ረሳ። ሐሙስ ይመጣሉ ብሎ በግ ገዛ፣ ለሐሙስ ፎቶ አንሺ ቀጠረ፣ ለሐሙስ ይደርቃል ብሎ ሳሎኑን ኖራ አስቀባ።

ረቡዕ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ሦስት ጥቁር መኪኖች በራችን ላይ ቆሙ። አባባ ሱቅ ዐረቢ ገበያ ሄዷል። እማማ አራስ ናት፣ ትኩሳት ይዟት ራሷን አታውቅም። ሳሎኑ እርጥብ ኖራ ነው፤ ወንበሩ ሁሉ ግቢ ውስጥ ተገልብጧል። በጉ ጥግ ላይ ታስሮ ይጮኻል። ያለችው ዘሃራ ብቻ ናት። ጓሮ ተቀምጣ አንዱን ጡት ለዘምዘም፣ አንዱን ለሚልዮን ሰጥታ ታጠባለች። እንግዶቹን ስታይ ተነሳች፤ ሁለቱንም ሕፃናት እኔ ጭን ላይ አስቀመጠችና 'ይግቡ ጌታዬ፣ ከፀሐይ ይግቡ' አለች።

ክፍሏ አስገባቻቸው። የገመድ አልጋዋ ላይ ነጠላዋን አነጠፈችላቸው። ለራሷ ምሳ የሠራችው ምስር ነበር፤ በስሱ የማሽላ እንጀራ፣ በኪስራ አቀረበችው። አንዱ አጃቢ ወደ ጆሯቸው ጎንበስ ብሎ 'የእስላም ቤት ነው' ሲላቸው ሰማሁ። እሳቸውም፣ 'ዛሬ ረቡዕ ነው፤ የቀረበውም ምስር ነው። ሥጋ ቢሆን ኖሮ ትነግረኝ ነበር' አሉትና በሉ። ከርከዴም ጠጡ። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይተው ሄዱ። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ከካርቱም ወጡ።"

ደብተሬ ላይ ያለው ይኸው ነው። ስለ አንተ የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ይሄ ልጅ ለምንድን ነው እንዲህ የሚያለቅሰው?" አሉ። ዘሃራም "ጡት አስጥዬው ነው" አለቻቸው። ለጋዜጠኛ እየደጋገምክ "ባርከውኛል" የምትለውን አንብቤ ነው ይህን የጨመርኩልህ።

አባባ ሲመጣ ግንባሩን ይዞ ግቢ ውስጥ ተቀመጠ። በማግሥቱ ሐሙስ በጉ ታረደ፣ ፎቶ አንሺውም በቀጠሮው መጣ። አባባ ትልቁን ወንበር ሳሎን አስገባ፣ ድግሱን ፊቱ ደረደረ፣ ራሱ ጎኑ ቆሞ ፎቶ ተነሣ። ከፎቶው ጀርባ ላይ "ኅዳር 9፤ ትልቁ እንግዳ የተቀመጡበት ወንበር" ብሎ ጻፈበት። አፍሮ ነው። አልፈርድበትም። አንተ ግን ያን ባዶ ወንበር በመስታወት ልታጥረው፣ የተቀመጡባትን ክፍል ሽንት ቤት ልታደርጋት ነው።

ሠራተኛ ናት ያልካትም የአንድ ጡት እህትህ ናት። በእሷ ሃይማኖት ይህ ዝምድና ነው። በእኛም ቢያንስ ውለታ ነው።

ስንቅነሽ

*

አዲስ አበባ፣ ግንቦት 6 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለወ/ሮ ስንቅነሽ በቀለ
ካርቱም

የላኩት ጽሑፍ ደርሶኛል። የስምንት ዓመት ሕፃን አየሁ ያለችውን ኮሚቴው ማስረጃ ብሎ አይቀበልም። በእጄ ያለው የአባቴ የእጅ ጽሑፍና ፎቶግራፍ ነው። እንግዳው ስለ መምጣታቸው የተላከው ወረቀትም አለ፤ ኖቬምበር 18 ይላል። የፎቶው ጀርባ ኅዳር 9 ይላል። ሁለቱ ወረቀቶች ይስማማሉ። የማይስማሙት እርስዎ ብቻ ነዎት።

ቅናት እንደሆነ ይገባኛል። አባባ እኔን አስተምሮ አዲስ አበባ ላከኝ፣ እርስዎን ሱቅ ውስጥ አስቀረ። ይህን በእኔ አይወጡት።

ወንበሩን "የአፈ ታሪክ ወንበር" እያሉ ለኤምባሲው ሰው ያሙት እርስዎ መሆንዎን ሰምቻለሁ። እንዲህ ያለው ነገር ከቀጠለ እኔም የማነሳው ነገር አለ። ሴትዮዋ እዚያ አገር ብትወለድም የመኖሪያ ፈቃድ፣ ኢቃማ የላትም። ኖሯትም አያውቅም። ሕግ ያለበት አገር ነው።

ጠበቃዬ አቶ ውብሸት የስምምነቱን ወረቀት ይዞ ይመጣል። አንድ አንቀጽ አስገብቼበታለሁ፤ "በምረቃው ዕለት ለክቡራን እንግዶች የተከፈተ ክፍል ሁሉ የሙዚየሙ አካል ሆኖ እንዳለ ይጠበቃል፤ ማንም ለሌላ አገልግሎት ሊያውለው ወይም ሊያፈርሰው አይችልም።" ከምረቃው በማግሥቱ ሳሎኑን መልሰው የበርበሬ መጋዘን እንዳያደርጉት ነው።

ሚልዮን በቀለ
የኮሚቴው ሰብሳቢ

*

ካርቱም፣ ሐምሌ 20 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለሚልዮን፤

"እርስዎ" ስላልከኝ አመሰግናለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ አከበርከኝ።

ሰኔ ላይ ምን እንደሆነ በውብሸት በኩል ጠይቀኸኛል። አልነግርህም። ዘምዘም ሦስት ቀን ቤት አልነበረችም፤ አሁን ቤት ናት። ከእስር ካስወጧት በኋላ የበሩን መቀርቀሪያ ሁለት ጊዜ እያየች ነው የምትተኛው። ይህን ያህል ይበቃሃል። ማን ጠቆመ ብዬ ደግሞ አልጠይቅህም፤ መልሱን በጽሑፍ አትሰጠኝም።

ፈርሜያለሁ።

ደስ ይበልህ፣ ግን ፈርቼ እንዳይመስልህ። አንተ ለምረቃው እስክትደርስ ድረስ ሁለተኛ እንዳይነኳት ነው የፈረምኩት። የጨመርኩት አንድ መስመር ነው፦ እስከ ምረቃው ዕለት ጓሮው አይነካም። ውብሸት ስልክ ደወለልህ፣ አንተም "ይሁንላት፣ አራት ወር ምን አላት" ስትል በስልኩ ውስጥ ሰማሁህ። ያንተን አንቀጽም ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ጥሩ አንቀጽ ነው። አንድ ቃል አልቀየርኩበትም።

የሳሎኑን ጆንያ አውጥቻለሁ። ውብሸት አዲስ ቁልፍ አስገጥሞ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። "ጋሽ ሚልዮን እርስዎ እንዳይገቡ ብለዋል" አለኝ። ሃምሳ ዓመት የኖርኩበት ሳሎን ነው። "እሺ፣ ቁልፉን እንዳትጥለው" አልኩት።

አንድ ነገር ብቻ። ምረቃውን በመታሰቢያው ቀን ኅዳር ላይ አደርጋለሁ ብለሃል። ዘንድሮ ጳጉሜ ስድስት ቀን ናት። ቀኑን አስቀድመህ አመሳክረው።

ስንቅነሽ

*

አዲስ አበባ፣ መስከረም 18 ቀን 2008 ዓ.ም.

እትዬ ስንቅነሽ፤

እንኳን አደረሰሽ። በመፈረምሽ ያለፈውን ሁሉ ረስቼዋለሁ፤ አንቺም እርሺው።

የጥሪ ካርዱን ጽሑፍ ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ። ሱቅ ዐረቢ ያለ ማተሚያ ቤት አሳትሚው፤ አንዱ ገጽ አማርኛ፣ አንዱ ገጽ ዐረብኛ ይሁን። አማርኛው ለእኛ ሰዎች፣ ዐረብኛው ለሱዳን ባለሥልጣናትና ለዲፕሎማቶች ነው። በአማርኛው "ኅዳር 9 ቀን 2008 ዓ.ም."፣ በዐረብኛው "ኖቬምበር 18" ይላል፤ ሰዓቱ በሁለቱም ከረፋዱ አራት ሰዓት ነው። አንድ ፊደል እንዳትነኪ። የአንቺን እርማት አልፈልግም።

ስለ ቀኑ ያልሽውን አንብቤ ሳቅኩ። በስልሳ አራት ዓመትሽ ቀን መቁጠር ልታስተምሪኝ ነው? አባባ ራሱ በእጁ ጽፎታል። ኖቬምበር 18 ኅዳር 9 ነው፣ አለቀ።

እኔ የምገባው በዋዜማው በማታው አውሮፕላን ነው። ድግሱን የሚያዘጋጁት ሰዎች በዕለቱ በማለዳ ይመጣሉ። በግ ግን አንቺ ግዢና እሰሪልኝ፤ አባባ እንዳደረገው። ጓሮውን የሚያፈርሱት ልጆች ከምረቃው በማግሥቱ ይጀምራሉ። ለዘምዘም ከአሁኑ ንገሪያት።

ሚልዮን

*

ካርቱም፣ ጥቅምት 7 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለሚልዮን፤

ካርዱ ታትሟል። አንድ ፊደል አትንኪ ብለኸኛል፣ አልነካሁም። በጉንም ገዝቻለሁ።

ስለ ቀኑ ሁለተኛ ጊዜ እየጠየቅሁህ ነው። ሦስተኛ አልጠይቅህም።

ስንቅነሽ

*

አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 21 ቀን 2008 ዓ.ም.

እትዬ፤

አትጠይቂኝ። ካርዱን አድይ።

ሚልዮን

*

ካርቱም፣ ረቡዕ፣ ኅዳር 8 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሚልዮን፤

እንኳን በሰላም ገባህ። ይህን ደብዳቤ ሙሄዲን አውሮፕላን ማረፊያ ይሰጥሃል። መኪናው ውስጥ አንብበው፤ ቤት ስትደርስ አንጯጯህም። የምጽፍልህ ከቀትር በኋላ፣ ሳህኑ ሁሉ ታጥቦ ካለቀ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ጥቅምት 5 ደብተሬ ላይ ያሰፈርኩትን ልገልብጥልህ፦

"ዛሬ አታሚው ጂብሪል ካርዱን አሳየኝ። በዐረብኛው ገጽ ላይ ከኖቬምበር 18 አጠገብ 'ረቡዕ' የሚል ጨምሯል። 'ማን አለህ?' ስለው፣ 'ያ ሐጃ፣ ቀን ያለ ስሙ አይታተምም፤ ግድግዳው ላይ ካሌንደር አለ' አለኝ። በአማርኛው በኩል ኅዳር 9 የሚውለው ሐሙስ ነው። ጂብሪል አማርኛ አያነብም። የእኛ ሰዎች ዐረብኛውን ገጽ አይገልጡትም። ሚልዮን አንድ ፊደል አትንኪ ብሎኛል። ይህ ደግሞ የጂብሪል ፊደል ነው እንጂ የእኔ አይደለም። ተመልሼ አልነካሁትም።"

ዛሬ ጧት ዘምዘም ሥራ እንዳትሄድ አስቀረኋት። ረቡዕ ስለሆነ ምስር እንድትሠራ ነገርኳት። "ለሁለታችን ነው እንዴ ይሄ ሁሉ ድስት?" አለችኝ። "ብቻ ሥሪ" አልኳት። "አንቺ ሴትዮ፣ ወላሂ አርጅተሻል" አለችኝ።

ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ከበር እየሮጠች መጣች። "ያ ስንቅነሽ! መኪና በመኪና ነው! ክራባት ያሰሩ ሰዎች! ምንድን ነው የምላቸው?" አለችኝ። "እናትሽ ያለችውን በያቸው" አልኳት።

አሥራ አራት ሰዎች ነበሩ። አምስቱ ዲፕሎማቶች፣ የቀሩት የአገሩ ሰዎች። ከቅርስ መሥሪያ ቤት የመጡት ወይዘሮ ሉጥፊያ ሰዓታቸውን እያዩ "አዘጋጁ የታለ?" አሉኝ። የሳሎኑን በር አሳየኋቸው። አንተ ያስገጠምከው ቁልፍ አለ። እዚያው ፊታቸው ለውብሸት ደወልኩለት፤ ሁሉም እንዲሰሙት ድምፁን ከፍ አድርጌ።

"እንግዶች መጥተዋል፤ ቁልፉን አምጣ" አልኩት።

"እትዬ ስንቅነሽ፣ ምረቃው ነገ ነው። ጋሽ ሚልዮን በማንኛውም ምክንያት እንዳልከፍትልዎ አስጠንቅቀውኛል። በዚህ አልታለልም" ብሎ ስቆ ዘጋው።

ከዲፕሎማቶቹ አንዱ አማርኛ ያውቃል። ተረጎመላቸው።

ከዚህ በኋላ ያደረግሁት ነገር የለም። ዘምዘም ናት ያደረገችው። እነዚያ ሁሉ ሰዎች ፀሐይ ላይ ቆመው ስታይ አፍራ፣ የጓሮዋን በር ከፈተችና "ተፈደሉ፣ ከፀሐይ ግቡ" አለች። ገቡ። የቻሉ የገመድ አልጋው ላይ ተቀመጡ፣ የቀሩት ደጃፉ ላይ ቆሙ። ምስሩን በኪስራ አቀረበች። ወይዘሮ ሉጥፊያ ሲበሉ "ይህች ክፍል ምንድን ናት?" ብለው ጠየቁ። መጋቢት 3 ለአንተ የጻፍኩልህን ዘምዘም በዐረብኛ ነገረቻቸው። እኔ ከነገርኳት በላይ ታውቃለች፤ ለካ እናቷ ለእሷም ነግራታለች። ነጠላውን ከሣጥን አወጣች። እስከ ዛሬ እንዳለ አላውቅም ነበር።

ወይዘሮ ሉጥፊያ መነጽራቸውን አወለቁ። ከመምጣታቸው በፊት መዝገብ ቤታቸው ውስጥ የዚያን ዘመን የካርቱም ጋዜጣ አይተው ነበር። እንግዳው ከካርቱም የወጡት ረቡዕ ከሰዓት በኋላ እንደሆነ ጋዜጣው ላይ አለ፤ ከፎቶው ጀርባ ያለው ኅዳር 9 ግን ሲቆጥሩት ሐሙስ ሆኖባቸዋል። "ታዲያ ሐሙስ ማን ነው ወንበሩ ላይ የተቀመጠው እያልኩ ስጨነቅ ነበር" አሉ። ማንም አልሳቀም፤ ዘምዘም ብቻ ሳቀች።

ሪባኑ ሳሎን ውስጥ ተቆልፎበታል። ስለዚህ የበርበሬ ጆንያ የማስርበትን ቀይ ገመድ ደጃፏ ላይ ወጠርኩ፤ እሳቸው በእኔ መቀስ ቆረጡት። ፎቶ አንሺም ነበረ፤ በዚህኛው ጊዜ በቀኑ መጥቷል።

አሁን ያንተን አንቀጽ አስታውስ። በምረቃው ዕለት ለክቡራን እንግዶች የተከፈተ ክፍል ሁሉ እንዳለ ይጠበቃል፣ ማንም ሊያፈርሰው አይችልም። የተከፈተው አንድ ክፍል ነው። ወረቀቱን ለወይዘሮ ሉጥፊያ አሳየኋቸው፤ ቅጂውን ወሰዱት። ከነገ ወዲያ የሚመጡት አፍራሾች እንዳይደክሙ ዛሬውኑ ንገራቸው። ለክፍሉ ቋሚ ጠባቂ ያስፈልጋል ብለውም የዘምዘምን ስም ጻፉ። ጠባቂ ደግሞ ያለ ኢቃማ አይቀጠርም፤ እሑድ መሥሪያ ቤቱ ራሱ ያወጣላታል። አንተ ለሌላ ነገር ያነሳኸው ወረቀት ነው።

ነገ የእኛ ሰዎች በአማርኛው ካርድ ይመጣሉ። ውብሸትም ቁልፉን ይዞ ይመጣል፤ አንተም ንግግርህን ታደርጋለህ፤ አላቋርጥህም። ዘምዘም ግን አንድ መልእክት አለቻት፤ እንዳለችው ነው የምጽፈው፦ "ሚልዮንን ርቦት ከመጣ እኔ ጋ ይግባ በይው።" እኔ ብሆን አላስገባህም ነበር።

ምስሩ አልተረፈም። በጉ ጥግ ላይ ታስሮ ይጮኻል፤ ነገ ሐሙስ ነው፣ ማረድ ትችላለህ። ወንበሩም ሳሎን ውስጥ እንዳስቀመጥከው አለ። ዛሬም ማንም አልተቀመጠበትም።

እህትህ ስንቅነሽ በቀለ